አንድ ሚሊዮን ሃያ ሁለት ሺህ አንድ መቶ አሥራ ሰባት

ሰኞ፣ ግንቦት 4 ቀን 2017

አሥራ ሁለተኛ ሲ ክፍል ዛሬ አዲስ ልጅ ገባች። ከጉና በኩል ነው የመጣችው፤ የእነሱ ትምህርት ቤት ከታኅሣሥ ወዲህ ዝግ ነው። ደብረ ታቦር አክስቷ ቤት ተጠግታ ፈተናውን ከእኛ ጋር ልትወስድ ነው። ክፍሉ መስከረም ላይ ስድሳ ሁለት ተማሪ ነበረው፤ አሁን ሠላሳ አንድ ቀርቷል። በዚህ ጊዜ አንድ መጨመሩ ራሱ ደስ ይላል። ስም መጥሪያው ላይ ልጽፋት ስሟን ጠየቅኋት።

«መክሊት ሙሉሐብት።»

«ሙሉሐብት ማን?» አልኳት። ድምፄ እንደ ፖሊስ ሳይሆን አልቀረም፤ ልጆቹ ሳቁ።

«ሙሉሐብት እሸቴ።»

ጻፍኩት። ትምህርቱን ቀጠልኩ። ግንባሯ የእሱ ነው።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

ሞኝ ነገር ሠራሁ። ስለ ማካፈል እያስረዳሁ «ትልቅ ቁጥር ልስጣችሁ» አልኩና ሰሌዳው ላይ 1022117 ጻፍኩ። በሃያ ሦስት ዓመት መምህርነቴ ይህን ቁጥር ለአንድም ተማሪ ሰጥቼ አላውቅም። ወዲያው አጠፋሁትና ሌላ ጻፍኩ።

ሲደወል መክሊት ጠረጴዛዬ ድረስ መጣች።

«ቲቸር፣ ያጠፉት ቁጥር ፕራይም ነው?»

«አጥፍቼዋለሁ እኮ።»

«ቀድቼዋለሁ።»

እሑድ፣ ግንቦት 10

ከቅዳሴ መልስ። መብራት የለም፣ ኔትወርክ የለም፣ መንገዱም ተዘግቷል ይላሉ። የሚታረም የፈተና ወረቀት አለ፤ አላርመውም። ያንን ነገር አንድ ጊዜ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

1988 ነው፤ አሥራ አንደኛ ክፍል ነን። ሒሳብ የሚያስተምሩን መምህር ይሻው ነበሩ፤ ጋሽ ይሻው እንላቸዋለን። የኮታቸው ክርን ሁልጊዜ በጠመኔ ነጭ ነው። ቁጥርን እንደ ሰው ነበር የሚያስተዋውቁን። ከአንድና ከራሱ በቀር በምንም የማይካፈለውን፣ ፕራይም የሚባለውን ቁጥር ሲጽፉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ይህ ዘመድ የለውም» ይሉ ነበር። ወገባችን እስኪታጠፍ እንስቅ ነበር። አሁን ሳስበው አያስቅም፤ ያኔ ግን ሁሉም ነገር ያስቀን ነበር።

አንድ ዓርብ ያንን ቁጥር ሰሌዳው ላይ ጻፉት። አንድ ሚሊዮን ሃያ ሁለት ሺህ አንድ መቶ አሥራ ሰባት። «ፕራይም ነው ወይስ አይደለም? ሰኞ ትክክለኛውን መልስ ከነሥራው ያመጣ፣ ባሕር ዳር ለሚደረገው የሒሳብ ውድድር ትምህርት ቤቱን ወክሎ ይሄዳል» አሉን።

ካልኩሌተር የለንም። መንገዱ አንድ ነው፤ በፕራይሞቹ ሁሉ በተራ እያካፈሉ ማየት። የሚተርፍ ከሌለ፣ አካፋዩ ተገኘ። እስከ መጨረሻው ሁሉም ካተረፈ፣ ፕራይም ነው። መሞከር ያለብን እስከ አንድ ሺህ አሥራ አንድ ድረስ ነበር፤ አንድ ሺህ አሥራ አንድ በራሱ ሲባዛ ከቁጥራችን ይበልጣልና። ከሙሉሐብት ጋር ለሁለት ተካፈልነው። የመጽሐፋችን ጀርባ ላይ የፕራይሞች ሠንጠረዥ አለ፤ መቶ ስልሳ ስምንት ናቸው። እሱ ከ2 እስከ 433፣ እኔ ከ439 እስከ 997። ሰማንያ አራት ለእሱ፣ ሰማንያ አራት ለእኔ።

ቅዳሜንና እሑድን ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባሕር ዛፎቹ ሥር ተቀምጠን ዋልን። ኪሱ ሙሉ የገብስ ቆሎ ነበረው። ቀሪውን ጮክ ብሎ ነበር የሚያነበው። «በሰባት፣ አምስት ተረፈ። በአሥራ አንድ፣ ስምንት ተረፈ። በአሥራ ሦስት፣ አምስት ተረፈ።» ሲሳሳት እንኳ በደስታ ነበር የሚሳሳተው። ከዚያ ወዲህ እንደ እነዚያ ሁለት ቀናት ረጅም ቀን አላየሁም።

ሰኞ ወረቀቱን ይዞ ሰሌዳው ፊት የቆመው እሱ ነው። «ፕራይም ነው» አለ።

ጋሽ ይሻው ወረቀቱን አገላበጡ። «ብቻህን ነው የሠራኸው?»

«አዎ።»

«ፕራይም አይደለም። ተቀመጥ።»

ለምን ብቻዬን እንዳለ እስካሁን አይገባኝም። መልሱንም አልነገሩንም፤ ራሳችሁ ፈልጉት አሉ። ለውድድሩ ሌላ ፈተና ሰጡን፤ እኔ አለፍኩ። በፋሲካ ዕረፍት የሙሉሐብት አባት ታመሙ፤ ሊያርስ ሄደ፤ በዚያው ቀረ።

የተሳሳትነው ሠንጠረዡ 997 ላይ ስለሚያልቅ ነው። ከዚያ የሚቀጥለው ፕራይም 1009 ነው። ቁጥሩ ደግሞ 1009 በ1013 ሲባዛ የሚገኘው ነው። በአንድ እርምጃ አመለጠን። የመጽሐፉ ጥፋት ነው። ዝናብም መጥቶብን ነበር፤ ተጣድፈን ነው የተነሳነው።

ሐሙስ፣ ግንቦት 14

መምህራን ክፍል በር ላይ ስደርስ ካሳሁን ሲናገር ሰማሁ። «ለዚያች ለጉናዋ ልጅ የምሳ ሰዓቷን ሁሉ ሰጠቻት፤ ዘመዷ ናት እንዴ?» ስገባ ዝም አሉ። ስድስት ወር ያልተማረች ልጅ ናት፤ ለማንም አደርገዋለሁ።

የጋሽ ይሻው ልጅ ፍቅርተ መንገድ ላይ አገኘችኝ። አባቷ በየካቲት ግራ ጎናቸው ሽባ ከሆነ ወዲህ አልጋ ላይ ናቸው። «ስምሽን ያነሳሉ፤ ብቅ በይ እንጂ» አለችኝ። በዚህ ሳምንት እሄዳለሁ አልኳት። ባለፈው ወርም እንዲሁ ብያት ነበር።

ረቡዕ፣ ግንቦት 20

ዛሬ መክሊት ስለ ቁጥሩ የምታውቀውን ነገረችኝ። ቤታቸው አለ። ጎተራው ላይ በከሰል ተጽፏል፤ ጎተራው በተለሰነ ቁጥር አባቷ መልሶ ይጽፈዋል።

«ምን ይላል አባትሽ?»

«ፕራይም ነው ብዬ ተሳሳትኩ ይላል። ሥራውን ለሁለት ተካፍለን ነበር፣ የኔ ድርሻ እስከ 433 ነበር፣ ስህተቱ እዚያ ውስጥ ነው ይላል። ሦስት ጊዜ እንደገና ሠርቶታል። አላገኘውም።»

«የሌላውን ሰው ድርሻስ?»

«እሱ ትክክል ነው ይላል።»

«ስሙን ነግሮሽ ያውቃል?»

«አልነገረኝም።»

ስለ ፖሊኖሚያል ነበር የምናጠናው። ቀጠልን። የቱ ጋ እንደነበርን ሁለት ጊዜ ጠየቅኋት።

ዓርብ፣ ግንቦት 22

የተፈታኞች ፎርም። ሦስት ልጆች ፎቶ የላቸውም። ፎቶ ቤቱ መብራት የለውም። ጋሽ ይሻው ጋ አልሄድኩም። ራሴን አሞኛል።

ሰማንያ አራት ቁጥር፣ ሦስት ጊዜ። ሁለት መቶ ሃምሳ ሁለት ማካፈል። በእጅ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 27

መክሊት እየሮጠች መጣች። «ቲቸር፣ በ1009 ይካፈላል!» ሠንጠረዡን ጨርሳ ከዚያ በላይ ያሉትን ፕራይሞች ራሷ ፈልጋ ሞከረች። ሁለት ቀን ወሰደባት።

«ጎበዝ» አልኳት። ከልቤ ነው ያልኩት። ከዚያ ደግሞ እንዲህ አልኳት፤ «ለአባትሽ አሁን እንዳትነግሪው፤ ከፈተናው በፊት በዚህ ነገር አእምሮሽ እንዳይበተን።»

ትንሽ አየችኝ። «እሺ ቲቸር» አለች።

ምክሩ ተገቢ ነው። ማንኛውም መምህር ይህንኑ ይላል።

እራት አልበላሁም።

እሑድ፣ ሰኔ 1

ጰራቅሊጦስ። በመጨረሻ ሄድኩ።

ጋሽ ይሻው ቀጥነው ትራሱ ውስጥ ጠፍተዋል። «ማናት?» አሉ።

«ሠናይት ናት አባዬ፤ ሒሳብ መምህርቷ» አለች ፍቅርተ።

«ባሕር ዳር ሦስተኛ የወጣችው» አሉ። ግማሽ ፊታቸው ፈገግ አለ።

ያንን ጉዞ አነሱ። አንበሳሜ ላይ የአውቶቡሱ ጎማ ተበሳ። እሱ እስኪቀየር ድረስ አቧራ የለበሰው የመስኮት መስታወት ላይ በጣታቸው ጻፉልኝ። አንድ ሺህ አሥራ አንድ በራሱ ሲባዛ 1022121። ከእሱ አራት ሲቀነስ የእኛ ቁጥር። አራት ደግሞ ሁለት በሁለት ነው። ስለዚህ ቁጥሩ አንድ ሺህ አሥራ አንድ ሲደመር ሁለት፣ በአንድ ሺህ አሥራ አንድ ሲቀነስ ሁለት ተባዝቶ ነው፤ 1013 በ1009። አንድ መቶ ስልሳ ስምንት ጊዜ ማካፈል አያስፈልግም ነበር፤ ሦስት መስመር ይበቃ ነበር። በዚያ አውቶቡስ ውስጥ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ሙሉሐብት ቀርቶ አሥር ቀኑ ነበር፤ ትዝ አላለኝም ብል እዋሻለሁ፣ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

«የሙሉሐብት ልጅ ክፍሌ ገብታለች» አልኳቸው።

ዓይናቸውን ጨፈኑ። የተኙ መሰለኝ።

«ያ ወረቀት ሁለት እጅ ጽሕፈት ነበረው» አሉ። «ከ439 ጀምሮ ያንቺ ነው። ሰባትን ወገቧ ላይ ትሰርዣታለሽ።»

ፍቅርተ ውኃ ልታመጣ ወጣች።

«ብቻህን ነው የሠራኸው ያልኩት፣ አንቺ ከተቀመጥሽበት እንድትነሺ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ለውድድሩ ሴት ልጅ ልኬ አላውቅም ነበር። አንቺ እንድትሄጂ ፈለግሁ። ልጁን በሚቀጥለው ዓመት እልከዋለሁ አልኩ።» ትንፋሽ አጠራቸው። «በሚቀጥለው ዓመት ልጁ የለም።»

እጃቸውን ያዝኩ።

«ንገሪው» አሉ። «እኔም እንደማውቅ ንገሪው። ጥፋቱን ብቻሽን አትውሰጂው፤ የኔንም ስጪው።»

አሁን ቤት ነኝ። ከላይ የጻፍኩትን መልሼ አነበብኩ። ዝናብ አልነበረም። በዚያ እሑድ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። 997 ላይ ስደርስ ሙሉሐብት ከወረቀቱ ቀና ብሎ «ከሠንጠረዡ በኋላ ያለውን አየሽው?» አለኝ። «አየሁት» አልኩት። አላየሁትም። አንድ ቁጥር ብቻ ነበር የቀረው፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። መጽሐፉን እንዲዘጋው ፈልጌ ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ አብረን ሽቅብ ወደ ከተማ እንድንሄድ ፈልጌ ነው፤ ስለ ቁጥር ሳይሆን ስለ ሌላ ነገር እያወራን። ሄድንም። ስለ ቁጥሩ ብቻ አወራ።

ይኸው ነው። አለማግባቴን ሰዎች ከምን ከምን ጋር ያገናኙታል፤ ከዚህ ጋር አይገናኝም።

ሐሙስ፣ ሰኔ 5

የሐዋርያት ጾም ገባ። ኔትወርክ የለም። ወደ ጉና በሚሄድ ሰው በኩል ደብዳቤ ልላክ? ጀመርኩት። «ጤና ይስጥልኝ» ከሚለው አላለፈም።

ሐሙስ፣ ሰኔ 12

ጋሽ ይሻው ዛሬ ጧት አረፉ።

ዓርብ፣ ሰኔ 13

ቀብር። መንገድ በመዘጋቱ ብዙ ሰው አልመጣም። ካሳሁን የሕይወት ታሪካቸውን ሲያነብ «ለክልል ውድድር የመጀመሪያዋን ሴት ተማሪ ያበቁ» አለ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። መሬቱን አየሁ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 21

ሙሉሐብት መጣ።

ነገ ተፈታኞቹ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ስለሚገቡ ልጁን ሊሸኝ ነው የመጣው፤ እግረ መንገዱን ለቅሶ ሊደርስ ፍቅርተ ቤት ገባ። እኔ እዚያ ነበርኩ። ፀጉሩ ሸብቷል። ከሌሊት ጀምሮ በእግሩና በበቅሎ ነው የመጣው፤ ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነው። ተነሥቼ ጨበጥኩት።

«እንደምን ሰነበቱ መምህርት። ልጄን ረድተውልኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለ።

አንቱ አለኝ። ከምንም በላይ ይህ አመመኝ።

ለቅሶው ጋብ ሲል ውጭ አጥሩ ጥግ ጠራሁት። ሦስት ሳምንት ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ከመካከሉ አንዱም አልመጣልኝም።

«ሙሉሐብት፣ ከሠንጠረዡ በኋላ ያለውን አላየሁትም ነበር።»

ስለ ምን እንደማወራ አልጠየቀኝም። ፊቱ ላይ ያለው ነገር ሁሉ ቆመ።

«ስንት ነበር?»

«አንድ ሺህ ዘጠኝ።»

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። በቃሉ እያካፈለ ነበር። «በአንድ ሺህ አሥራ ሦስት» አለ።

«አዎ።»

«ሦስት ጊዜ ሠራሁት። አንዱን አባቴ በሞተ በአርባው። አንዱን መክሊት በተወለደች ክረምት። ሁሌም የኔን ሰማንያ አራት።» ድምፁን ከፍ አላደረገም። «የሠናይትን እንይ የሚል ሐሳብ አንድ ቀን እንኳ አልመጣብኝም።»

የጋሽ ይሻውንም ነገርኩት፤ እንደሚያውቁ፣ ለምን ዝም እንዳሉ። ወደ ቤቱ በር ዞሮ አየ፤ ሰው ይወጣል ይገባል። ባርኔጣውን አደረገና ሄደ። ደህና ዋይ አላለኝም።

ይቅርታ አላልኩትም። ዓረፍተ ነገሩ አፌ ውስጥ ነበር።

እሑድ፣ ሰኔ 22

የዩኒቨርሲቲው በር ላይ ወላጅና ተማሪ ተሞልቷል። ተማሪዎቼን ልሸኝ ሄጄ ነበር። ሙሉሐብትና መክሊት ከሰዉ ወጣ ብለው ቆመዋል። ጠራኝ።

«ንገሪያት» አለ። አንቺ አለኝ። «ሰማንያ አራት ቁጥር በትክክል ማካፈል ያቃተው አባት አለኝ ብላ ነው ያደገችው። ከኔ ስትሰማው ማመካኛ ይመስላል። አንቺ ንገሪያት።»

ነገርኳት። በልጆቼ ፊት ሆኜ፣ ፀሐዩ አናቴ ላይ እየወረደ፣ ሳላሳጥር ነገርኳት። የተናገርኩትን ውሸት፣ አባቷ ብቻዬን ነው የሠራሁት ማለቱን፣ ባሕር ዳር መሄዴን። «ይቅርታ አድርጉልኝ» አልኩ፤ ለሁለቱም።

መክሊት እቃዋን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ዐውቄያለሁ ቲቸር። 1009ን ሳገኝ የአባቴ ድርሻ እንዳልሆነ ገባኝ። ለአባትሽ እንዳትነግሪው ሲሉኝ ደግሞ ሌላው ሰው ማን እንደሆነ ገባኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽውም?» አለ አባቷ።

«ቲቸር ይነግሩሃል ብዬ ጠበቅሁ። እስከ ዛሬ ብቻ ነበር የምጠብቀው።»

ተፈታኞች ግቡ ተባለ። የአባቷን ትከሻ ሳመች። ወደ እኔ ስትዞር ትንሽ አመነታች፤ ከዚያ እጇን ዘረጋችልኝ። ጨበጥኳት። ይበቃኛል፤ ከዚያ በላይ አልጠበቅሁም።

በሩ ተዘጋ። ሰዉ ተበተነ። ሙሉሐብት አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እንድሄድ ይፈልግ እንደሆነ አላወቅሁም፤ ቆምኩ።

«ጋሽ ይሻው በምን መንገድ ነበር የሠሩት?» አለ።

አጠገቡ ተቀምጬ ቦርሳዬ ውስጥ በነበረ ወረቀት ጻፍኩለት። አንድ ሺህ አሥራ አንድ በራሱ፣ ሲቀነስ አራት። ለረጅም ጊዜ አየው።

«በቃ? ይህን ያህል?»

«ይህን ያህል።»

ሳቀ። ሳቁ ጥሩ ሳቅ አልነበረም፤ እየቆየ ግን ጥሩ ሆነ። የዱሮው ሳቁ ነው፤ ትከሻው ቀድሞ ነው የሚስቀው። ስለ ባሕር ዛፎቹ ጠየቀኝ፤ ተቆርጠው ቤት ተሠርቶበታል አልኩት። ጋሽ ይሻው ፕራይም ሲጽፉ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉትን አስመሰለልኝ፤ ቁርጥ እሳቸውን። እንባዬ መጣ፤ የሳቅ ነው አልኩት።

«አሁን ማናችንም የማናውቀውን ቁጥር እንሥራ» አለ።

እሱ አንድ አኃዝ፣ እኔ አንድ አኃዝ እየጠራን ጻፍን። እሱ ሦስት አለ፣ እኔ ዜሮ፣ እሱ ስድስት፣ እኔ አንድ፣ እሱ ሰባት፣ እኔ አንድ፣ እሱ አንድ። ሦስት ሚሊዮን ስልሳ አንድ ሺህ ሰባት መቶ አሥራ አንድ። በጋሽ ይሻው መንገድ ትንሽ ሞከርነው፤ እሺ አላለም። ስለዚህ በዱሮው መንገድ፣ ካልኩሌተር ሳንነካ። እስከ 769 ያሉት ፕራይሞች የእሱ፣ ከዚያ በላይ ያሉት የእኔ። ወረቀቱን ለሁለት ቀደድኩት። ግማሹን አራት ቦታ አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተና በቅሎውን ወዳሰረበት ወረደ።

እሑድ፣ ሐምሌ 6

ኔትወርክ ዛሬ ከቀትር በኋላ ድንገት መጣ። ስልኬ ሲጮህ የማላውቀው ቁጥር ነበር።

«ሠናይት!» አለ። ነፋስ ይሰማል፤ ኔትወርክ ፍለጋ ጉና ላይ ወጥቶ ነው መሰለኝ። «በሦስት መቶ ሰባት!»

«ስንት ተረፈ?»

«ምንም! ምንም አልተረፈም! ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ሦስት ጊዜ፣ ልክ!»

እርሳስ አንስቼ አባዛሁት። እሱ ሌላኛው ጫፍ ላይ እየተነፈሰ ጠበቀኝ።

«ልክ ነው» አልኩት።

«በእኔ ድርሻ ውስጥ ነበር» አለ። «ሰማሽኝ? በእኔ ድርሻ ውስጥ ነበር።»

ሰማሁት። እንደ ልጅ ደጋግሞ ይለው ነበር፤ መስመሩ እስኪቋረጥ ድረስ።